ጥቁር ድድ፣ የወርቅ ጥርስ

ሻዩን መልሰሽ ውሰጂው፤ አትቀየሚኝ። እጅሽ ይባረክ፣ ጠልቼው አይደለም፤ ቅርንፉድ ስላለበት ነው። እዚህ ግቢ ተከራይተሽ ከገባሽ ገና ጥቂት ሳምንትሽ ስለሆነ አላወቅሽም እንጂ፣ እኔ ቅርንፉድ የነካው ነገር አልቀምስም። ሰርግ ቤትም ሆነ ልቅሶ ቤት ሻይ ሲቀዳልኝ አስቀድሜ አሸትተዋለሁ። ያ ሽታ ካለበት ብርጭቆውን አጠገቤ ላለችው ሴት አሳልፌ እሰጣለሁ።

ሽታው አፍንጫዬን ሲነካው ያ ክዳኑ የተሸረፈ የስኳር ዕቃ ይመጣብኛል። በውስጡ ውኃ አለ፤ በውኃው ውስጥ ጥቂት ቅርንፉድና ያለ አፍ የሚስቁ አራት ጥርሶች። ሦስቱ ነጭ፣ አንዱ ወርቅ። ያኔ ደሜ ይፈላል። ነገርን ነገር ያነሣዋል፤ ከተነሣ አይቀር ልንገርሽ።

አባቴን ታውቂዋለሽ። ጠዋት ጠዋት በረንዳው ላይ ፀሐይ የሚሞቁት፣ ስታልፊ «እንደምን አደርሽ የኔ ልጅ» የሚሉሽ ሽማግሌ። ባለፈው «ምን የመሰሉ ደግ አባት ናቸው ያሉሽ» ስትዪኝ ልብስ ማስጣቴን ቀጠልኩ። ፊት ለፊት አንቱ እላቸዋለሁ፤ እንዲያ ነው ያደግኩት። በሆዴ ግን አንቱ ብያቸው አላውቅም። ይህን የምነግርሽ ከሆዴ አውጥቼ ስለሆነ እሱ እያልኩ እቀጥላለሁ፤ ነውር ከሆነም ነውሩን እኔ እወስዳለሁ።

እናቴ የይፋግ ልጅ ነበረች፤ ደብረ ታቦር የመጣችው ተድራ ነው። እንደ ጊዜዋ ሴቶች ድዷ የተነቀሰ ነበር። ልጅ ሳለች፣ ይፋግ ገበያው ዳር የምትኖር አንዲት ነቃሽ መርፌዎችን በክር አስራ፣ የኩራዝ ጥላሸት እያስነካች ነው የወጋቻት። «አፌ አብጦ በወተት ብቻ ሰነበትኩ፤ ግን አንዲት እንባ አልወጣኝም» ትለን ነበር፣ ደስ እያላት። ስትስቅ ያ ጥቁር ድድ ከላይ፣ ጥርሷ ከሥሩ ብቅ ይላል። ጥርሷ ያን ያህል ነጭ አልነበረም፤ የድዷ ጥቁረት ነው ነጭ የሚያስመስለው።

ሳቋ ደግሞ እንደ ሌሎቹ ሴቶች ነጠላ ሥር የሚደበቅ አልነበረም። አንገቷን ወደ ኋላ ጣል አድርጋ፣ አፏን ከፍታ ነበር የምትስቀው። በሠፈራችን ሰርግ ያለ እሷ ዘፈን አይወርድም ነበር። እሷ ታወርዳለች፣ ሴቶቹ ይቀበላሉ፤ መሀል ላይ እዚያው ባወጣችው ግጥም ራሷን ሳቅ ያመልጣትና ከበሮው ሁሉ ቆሞ ይስቃል። እኔና ታላቅ እህቴ በየሰርጉ ከሷ ጀርባ ቆመን «የሷ ልጆች ናቸው» መባሉን እንወደው ነበር።

አባቴ የሰበረው ያን ሳቅ ነው። እኔ ያኔ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነበርኩ።

እህል ነጋዴ ስለነበረ ቤታችን እንግዳ አይጠፋም። አንድ ቀን ከወረታና ከሐሙሲት የመጡ ነጋዴዎች ምሳ ተጋብዘው የክረምት ወሬ ተነሣ። አባቴ ርብ ወንዝ ሞልቶ ሳለ በበቅሎ እንዴት እንደተሻገረ መተረክ ጀመረ። «ሰው ሁሉ ዳር ቆሞ ወይኔ ሲል፣ እኔ በቅሎዬን ኮርኩሬ ገባሁበት!» አለ። እናቴ ወጥ እየጨመረችላቸው ነበር። ሳታስበው አመለጣት።

«ኧረ እንዲያው! ዓይንዎን ጨፍነው ኮርቻውን አቅፈው አልነበር? በቅሎዋንስ የሳብኳት እኔ አይደለሁም?»

አለችና ሳቀች። ያን የሷን ሳቅ። እንግዶቹም እንደ ጎረሱ ሳቁ፤ አንዱማ ትን ብሎት ውኃ ተሰጠው። አባቴም አብሯቸው ሳቀ። ምሳው አልቆ እጅ ታጠበ፤ እንግዶቹን እስከ በር ሸኛቸው፤ «በሰላም ግቡ» አለ፤ ተመለሰ። ከዘራውን ከተደገፈበት አነሣ። እኔ ጓዳ ሆኜ ሳህን እያጠብኩ «ሳቂያ! አሁንም ሳቂ!» ሲል ሰማሁ። ቀጥሎ የሰማሁትን ድምፅ አልነግርሽም።

ስወጣ እናቴ ወለሉ ላይ ተንበርክካ ጥርሷን ትለቅም ነበር። የላይኞቹ የፊት ጥርሶቿ አራቱም የሉም። አላለቀሰችም። አንድ በአንድ ለቅማ በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረቻቸው። ምን ልታደርጋቸው እንደነበረ እስከ ዛሬ አላውቅም። እሱ በረንዳው ላይ ወጥቶ ተቀምጦ ነበር፤ አዎ፣ አሁን የሚቀመጥበት ቦታ ላይ።

በሳምንቱ ሽማግሎች ተቀመጡ። ከሁሉም የሚያንሱት እንኳ ጢማቸው የሸበተ፣ የተከበሩ ሰዎች ናቸው። ጠላ ቀረበላቸው። ትልቁ ሽማግሌ ጋቢያቸውን አስተካክለው፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው «ልጆቼ፣ ምላስና ጥርስ እንኳ ይጋጫል» አሉ።

እስኪ በእግዚአብሔር! ተረቱ ለስንት ባልና ሚስት ተብሏል፤ በራሱ ክፋት የለበትም። ግን ጥርሷ በከዘራ ለወለቀ ሴት ይባላል? እናቴ ፊት ለፊታቸው አፏን በነጠላ ሸፍና ተቀምጣ ነበር፤ የከንፈሯ እብጠት ገና አልጎደለም። ከዚያ ሁሉ አስታራቂ መካከል ጆሮውን የቆረቆረው አንድም አልነበረም። ሁሉም እውነት ነው፣ እውነት ነው እያሉ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያማ የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ሆነ። «አንቺስ ብትሆኚ የባልሽን ገመና እንግዳ ፊት ታወጫለሽ?» አሏት። ፍርዱም መጣ፤ እሱ ጥርሷን ያስተክልላት፣ እሷ ጉልበቱን ስማ ይቅርታ ትጠይቀው።

እናቴ ጎንበስ ብላ ጉልበቱን ሳመች። ሽማግሎቹ መረቁ፣ ጠላቸውን ጨረሱ፣ ሄዱ። እኔ የጓዳውን በር ይዤ ቆሜ ነበር። ያን ቀን የተከበረ ሰው የሚባል ነገር ሁሉ አስጠላኝ፤ እስካሁንም ጋቢ ለብሶ ጉሮሮውን የሚጠርግ ሰው ሳይ ተነሥቼ መሄድ ያምረኛል።

ከንፈሯ ሲድን በሚኒባስ ወደ ባሕር ዳር ወረድን፤ አባቴ፣ እናቴና እኔ። እኔን የወሰደችኝ እሷ ናት፤ ስትናገር ንፋስ ስለሚያመልጣት ሰው ፊት ማውራት አፍራ ነበር። መንገዱን ሙሉ ነጠላዋን ከአፏ አላወረደችም። የጥርስ ሐኪም ቤቱ ጠባብ ክፍል የተቃጠለ ላስቲክና መድኃኒት ይሸት ነበር። ጥርስ ሠሪው ነጭ ካፖርት የለበሰ ወጣት ነው። እንደ ሊጥ ያለ ለስላሳ ነገር በብረት አድርጎ አፏ ውስጥ ጨመረና ልኳን ወሰደ። ቀጥሎ እንደ ቁልፍ በቀለበት የተሰካኩ የናሙና ጥርሶች አወጣ፤ ከነጭ ይጀምሩና እየደፈረሱ ይሄዳሉ። እያንዳንዱን ከንፈሯ ሥር እያስጠጋ ጠየቀ።

«አባባ፣ የትኛው ይሁን?»

ለማን እንደተናገረ ልብ በይልኝ። አፏን ከፍታ የተቀመጠችው እናቴ ናት፤ ጥያቄው ግን ለአባቴ ነው። ከሷ ጥርስ ጋር የሚመሳሰለው ከመሀል ያለው፣ ትንሽ ቢጫ ያለበት ነበር። አባቴ ግን የመጀመሪያውን፣ ኖራ የመሰለውን መረጠ። «ይሄ ይሁን። አንዷን ደግሞ ወርቅ አርጋት» አለ።

«ወርቁ ይቅርብኝ» አለች እናቴ።

«ዝም በይ አንቺ! ካስተከልኩ አይቀር ሰው ይየው እንጂ።»

እናቴ ለወጣቱ በዝግታ ተናገረች። በዚያ ሁሉ ነገር ውስጥ የጠየቀችው አንድ ነገር ነው። «ልጄ፣ ድዱን ጥቁር ታደርግልኛለህ?» አለችው። አልገባውም። የላይኛውን ከንፈሯን በጣቷ ገልጣ ንቅሳቷን አሳየችው፤ «እንዲህ፣ እንደ ራሴ።» ወጣቱ ሳቀ። «እማማ፣ ድዱ የሚመጣልን ሮዝ ብቻ ነው፤ ጥቁር የሚባል የለም» አላት። አባቴም «አርጅታ መነቀስ አማራት!» ብሎ አብሮት ሳቀ። ልጁ ክፉ አልነበረም ይሆናል። እኔ ግን ሳቁን እስከ ዛሬ አልረሳሁለትም።

የደረሰ ዕለት ደግሞ አያያዙን ያስረዳው ለአባቴ ነው። ማታ ወልቆ ውኃ ውስጥ ይደር፣ ከደረቀ ይጣመማል፤ ሙቅ ውኃ አይንካው፤ ሲታጠብ ከሥሩ ውኃ ያለበት ሳፋ ይቀመጥ፣ ከእጅ ቢያመልጥ እንዳይሰበር። አባቴ ሁሉንም አዳመጠ። ወጥተን ሚኒባስ እስክንይዝ ድረስ «ጥርሱን እንዳትሰብሪው! ሰማሽ? እንዳትሰብሪው!» ይላት ነበር። እሱ! እሱ ነው እንግዲህ ይህን የሚላት።

ቤት ስንደርስ እናቴ መስተዋቱን ይዛ ወደ መስኮቱ ብርሃን ሄደች። ከንፈሯን ገለጠች። ከላይ ጥቁሩ የራሷ ድድ፣ ከሱ በታች ሮዙ ፕላስቲክ፣ ከዚያ እነዚያ ኖራ ጥርሶችና ወርቁ። ብዙ ጊዜ ቆማ አየችው። «ይሄ የኔ አፍ አይደለም» አለችና መስተዋቱን ገልብጣ አስቀመጠችው።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ነው ከምቱ ይልቅ የሚያንገበግበኝ። እንግዳ በመጣ ቁጥር አባቴ ይጠራታል። «ነይ እስኪ አሳዪአቸው!» ይላል። እናቴ ትመጣለች፤ ከንፈሯን ትገልጣለች። በቅሎ ገበያ ዕድሜዋን ለማወቅ አፏን ከፍተው እንደሚያዩአት በቅሎ። እንግዶቹ አንገታቸውን አስግገው «ወርቅ ነው? ወይ ጉድ! ምን ያለ ባል ነው!» ይላሉ። አሰባበሩን ማን ይጠይቃል? የሚታየው ማስተከሉ ብቻ ነው። በገበያውም በቤተ ክርስቲያኑም ዙሪያ አባቴ ለሚስቱ የወርቅ ጥርስ ያስተከለ ደግ ሰው ሆነ።

እሷ ግን ተንከባከበችው፤ ይህም ያናድደኝ ነበር። እራት ከተበላ በኋላ ታወልቀዋለች፤ በለስላሳ ብሩሽ ፊትና ኋላውን ታሻዋለች፤ ሳፋው ሁልጊዜ ከሥሩ አለ። ከዚያ በስኳር ዕቃው ውስጥ ቀዝቃዛ ውኃ ሞልታ ትነክረዋለች። ቅርንፉዱን የጨመረችው ጥርሱ አፏ ሲገባ የሚሰማትን ሽታ ለማጥፋት ነው። «የሰው አፍ የሰው አፍ ይሸተኛል» ትል ነበር። ገበያው ዳር ካለው ሙስሊም ባለ ሱቅ እየገዛች በየሳምንቱ ትቀይረዋለች። ቤታችን በቅርንፉድ ታጠነ፤ የትምህርት ቤት ደብተሬ ሳይቀር ይሸት ነበር። አንድ ቀን «ለምን አትጥዪውም?» ብዬ ጮኽኩባት። «ሽማግሌ የፈረደውን እንዴት እጥላለሁ?» አለችኝ፤ በብሩሹ ማሸቷን አላቋረጠችም።

ሳቅ ግን የለም። ከዚያ ወዲህ ብትስቅም ፈገግ ብላ ከንፈሯን ትሰበስባለች። ሰርግ ሲጠሯት ራሴን አመመኝ ትላለች። በሷ ቦታ ሌላ ሴት ማውረድ ጀመረች።

ታላቅ እህቴ ለጥር ልትዳር ስትል ነገሩ ከበደ። እህቴ ያለ እናቷ ዘፈን ከቤት አልወጣም ብላ አለቀሰች። «በዚህ አፍ እንዴት ብዬ?» አለች እናቴ። አንድ ማለዳ ግን ቀስቅሳኝ «ተነሺ፣ ይፋግ እንሄዳለን» አለች። የጉና ብርድ ጆሮ ይቆርጣል። ጥርሱን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላ ጡቷ ሥር ሸጉጣዋለች። ወረታ ላይ መኪና ቀይረን ይፋግ እስክንደርስ ምን እንዳሰበች አልነገረችኝም።

ለካስ ወደ ነቃሿ ነው የምንሄደው! ሴትየዋ በሕይወት ነበረች፤ ዓይኗ ደክሟል፣ እጇ ግን አልደከመም። ደጇ ላይ ቁርበት አንጥፋ ገብስ ታበጥራለች። እናቴ ጉልበቷን ስማ፣ ጥርሱን ከጨርቁ ፈታችና መዳፏ ላይ አስቀመጠችላት።

«እማማ፣ ይህንን ድድ ይንቀሱልኝ። ልጄን ልድር ነው።»

አሮጊቷ አገላብጣ አየችው፤ በጥፍሯ ቆረቆረችው። «ይህ እኮ ሥጋ የለው፣ ደም የለው። ደም የሌለው ነገር ጥላሸት አይዝም ልጄ» አለች።

«ይሞክሩልኝ ግድ የለም።»

ሳቂ ከፈለግሽ፤ ፕላስቲክ ሊያስነቅስ ከደብረ ታቦር ይፋግ የሄደ ሰው ከእናቴ በቀር በዓለም ያለ አይመስለኝም። እኔ ግን ያን ቀን መሳቅ አልቻልኩም። አሮጊቷ መርፌዎቿን በክር አሰረች። ቀዝቃዛ መርፌ አልገባ ሲላት ፍም ላይ አጋለችው። ፕላስቲኩ ጨስ አለና የሚከረፋ ሽታ ሸተተ። ነጥብ፣ ነጥብ፣ ነጥብ አደረገችበት፤ በላዩ ጥላሸቱን በቅቤ ለውሳ አሸችው። ስትጠርገው ግን ጥላሸቱ አብሮ ይነሣል፤ በየቀዳዳው የቀረው ግራጫ ብቻ ነው። እናቴ «ይጨምሩበት» አለች። እንደገና ወጋች። ያኔ ቀጭ አለ። ከወርቁ ጥርስ ሥር ተነሥቶ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ሄደ።

ከበስተኋላችን በመንገዱ ወደ ጎንደር የሚወጣ አንድ የጭነት መኪና እያቃሰተ ያልፋል። እናቴ በእጇ አፏን ሸፈነች፤ ያን ሁሉ ወር ያልመጣ እንባ ያኔ መጣ። አሮጊቷ መርፌዋን አስቀመጠችና የእናቴን እጅ ከአፏ ላይ ቀስ አድርጋ አወረደችው። በአውራ ጣቷ ከንፈሯን ቀና አድርጋ ባዶውን ድድ በደከመ ዓይኗ ቀርባ አየችው።

«ያውልሽ የኔ ሥራ! እንዳለ ነው፤ አልደበዘዘም። ምን አድርጌሽ ነው በዚህ ኩበት የምትሸፍኚብኝ?» አለቻት።

ስንመለስ እናቴ መስኮት በኩል ተቀምጣ ነበር። ነጠላዋን ከአፏ ማውረዷን ያስተዋልኩት ወረታን ካለፍን በኋላ ነው።

የሰርጉ ዕለት ዳሱ ጢም አለ። በቅጠሉ መካከል የሚገባው የጥር ፀሐይ በየሰው ፊት ላይ ይዘላል፤ የቄጤማውና የጠላው ሽታ ተቀላቅሏል። ሽማግሎቹ በክብር ቦታ ተቀምጠዋል፤ ትልቁም ጋቢያቸውን ለብሰው መሀል ላይ አሉ። ጠዋት አባቴ እናቴን ለብቻዋ ጠርቶ «ዛሬ አፍሽን ከፈት አድርገሽ ሳቂ፤ ሽማግሎቹ ይዩት» ብሏት ነበር። ሰምቼዋለሁ። «እሺ» አለችው። ስንጥቁን አያውቅም።

ምግብ ተነሥቶ ከበሮ ሲመጣ ትልቁ ሽማግሌ ጮክ ብለው «የሙሽራዪቱ እናት! እስኪ ነይ፣ ያን ጥርስሽን እንየው፤ ምላስና ጥርስ ታርቆ የለ!» አሉ። ዳሱ ሳቀ፤ አባቴ ደረቱን ነፋ። እናቴ ዞር ብላ ወደኔ መጣች። ጀርባዋን ለሰዉ ሰጥታ ጥርሱን አወለቀችና እጄ ላይ አስቀመጠችው። የአፏ ሙቀት ነበረበት፤ ቅርንፉድ ቅርንፉድ ይሸታል። ጣቶቼን ራሷ አጠፈቻቸው። ከዚያ ሄዳ ሽማግሎቹ ፊት ቆመች፤ ከንፈሯን እስከ መጨረሻው ገለጠች። ያ ጥቁር ድድ፣ ባዶውን። ሳቁ ከፊት ወደ ኋላ እየጠፋ ሄደ።

«ምላስና ጥርስ ይጋጫል ብላችሁኝ አልነበር አባቶቼ? ተጋጩ። ጥርሱ ሄደ፤ ምላሴ ግን ቀረችልኝ» አለች።

ቃሏ ንፋስ ያመልጠዋል፤ ግን ሳይሰማው የቀረ አንድም ሰው አልነበረም። ትልቁ ሽማግሌ ዓይናቸውን ወደ ጠላው ጣሉ። አባቴ ከመቀመጫው ብድግ አለ፤ ያ ሁሉ ሰው ሲያየው ጊዜ ተመልሶ ተቀመጠ። እናቴ ከበሮውን ከያዘችው ሴት ተቀብላ አንገቷ ላይ አደረገችው፤ አወረደች። እስኪመሽ አወረደች። መሀል ላይ ባወጣችው ግጥም ሳቅ አመለጣት፤ አንገቷን ወደ ኋላ ጣል አድርጋ፣ አፏን ከፍታ ሳቀች። እኔ ጥርሷን ጨብጬ ቆሜ እንባዬን መቆጣጠር አቃተኝ።

ከዚያ ወዲያ እጁን አላነሣባትም። ተፀፅቶ እንዳይመስልሽ፤ ፈርቷት ነው። «ወርቄን የት አደረግሽው?» ሲላት «ከልጅዎ ጋር ነው» ትለው ነበር። ያን ነገር ሁለተኛ አፏ ሳታስገባው፣ ሥጋውን በጎን ጥርሷ እያኘከች፣ ከሱ ቀድማ ሞተች። ይህንንም አልምረውም። እሷ ቀድማ ሞታ እሱ ለኔ ቀረ። እህቴ ባሕር ዳር ልጆች ታሳድጋለች፤ ሌላ ማን አለ? ሠፈሩም «አባቷን ጧሪ፣ የተባረከች» ይለኛል፤ በየምርቃቱ አንጀቴ ያራል።

ባለፈው ዓመት የሱም ጥርስ በእርጅና አለቀ። ወደዚያው የጥርስ ሐኪም ቤት ይዤው ሄድኩ። አሁን ጥርስ ሠሪዋ ሴት ናት፤ ያው እነዚያን ናሙናዎች አወጣች። እሱ አፉን ከፍቶ ተቀምጦ ሳለ ወደኔ ዞራ «የትኛው ይሁንላቸው?» አለችኝ። «እሳቸውን ጠይቂያቸው! አፉ የሳቸው ነው!» አልኳት። የተቆጣሁት በሷ መስሏት ደነገጠች፤ ምስኪን።

እና በየማታው የሱን ጥርስ አጥባለሁ። ፊትና ኋላውን አሻለሁ፤ ሳፋው ከሥር አለ። «እንዳትሰብሪብኝ» ይለኛል ከአልጋው ላይ። በላስቲክ ኩባያ ነክሬ መደርደሪያው ላይ፣ ከእናቴ የስኳር ዕቃ አጠገብ አስቀምጠዋለሁ። በሷ ዕቃ ውስጥ ውኃ የለም።

ዛሬ ጠዋት፣ አንቺ ከመምጣትሽ ትንሽ ቀደም ብሎ፣ ጥርሱን ራሱ ሊያወጣ ተነሣ። ዓይኑ በደንብ አያይም፤ እጁን የሰደደው የሷ ዕቃ ውስጥ ነው። ስደርስ የእናቴን ጥርስ መዳፉ ላይ አድርጎ በአውራ ጣቱ ይዳብሰዋል፤ ወርቁን፣ ስንጥቁን፣ ነቃሿ የወጋቻቸውን ነጥቦች።

«ይቺ የሷ ናት» አለ።

«አዎ።»

ጣቱ ስንጥቁ ላይ ቆመ። «ያን ቀን... ምን ላይ ነበር የሳቀችው?» አለኝ።

አየሁት። እውነቱን ነው፣ ረስቶታል። እናቴ ጥርሷን ከወለል የለቀመችበትን፣ ጉልበቱን ስማ ይቅርታ የጠየቀችበትን ነገር እሱ ረስቶታል! በኩባያው ያለውን ውኃ ፊቱ ላይ ልደፋበት እጄ ተነሥቶ ነበር።

«ርብን በበቅሎ ተሻገርኩ ብለው ለእንግዳ ሲያወሩ ነው» አልኩት። «ዓይንዎን ጨፍነው ነበር። በቅሎዋን የሳበቻት እሷ ናት።»

ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። የሚያለቅስ መስሎኝ ነበር፤ እየሳቀ ነው። ባዶ ድዱን አሳይቶ፣ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። «እውነቷን ነው እኮ፤ ኮርቻውን አቅፌ ነበር» አለ። እኔ አልሳቅኩም። ያን ቀን፣ እንግዶቹን ሸኝቶ ሲመለስ፣ ከዘራውን ትቶ እንዲህ ብሎ ቢስቅ ምን ነበረበት? ምን ይጎድልበት ነበር?

የእናቴን ጥርስ ከመዳፉ ነጥቄ፣ በቀሚሴ ጠርጌ ወደ ዕቃው መለስኩት። የሱን ከውኃው አውጥቼ ሰጠሁት። ገና አፉ ሳያስገባው አንቺ ሻይሽን ይዘሽ በሩ ላይ ደረስሽ፤ ያ የእናቴ ቅርንፉድ ሽታ ከአንቺ ቀድሞ ገባ። እሱ ፊቱን ወደ በሩ አዙሮ፣ በዚያ ጥርስ በሌለው አፉ «መጣች?» አለኝ።

ሰምተሽው ይሆናል። ሻዩን ውሰጂልኝ በቃ።